የገዥው ቋንቋና የገበያው ቋንቋ፤ ሆላንድኛና ማላይኛ በታሪክ ሚዛን

አንድ መንግሥት ሌላውን ሕዝብ ለረጅም ዘመን ሲገዛ ቋንቋውን ተክሎ መሄዱ በዘመናዊው የዓለም ታሪክ ተደጋግሞ የታየ ነገር ነው፤ ስፓንኛ በሜክሲኮና በፔሩ፣ ፖርቱጋልኛ በብራዚልና በአንጎላ፣ ፈረንሳይኛ በሴኔጋልና በኮንጎ ሥር የሰደዱት በዚሁ መንገድ ነው። የኔዘርላንድስና የኢንዶኔዥያ ታሪክ ግን ከዚህ ልማድ ይወጣል። የሆላንድ መርከቦች በጃቫ ደሴት ባንተን ከተባለው ወደብ መጀመሪያ ከደረሱበት ከ1596 አንሥቶ ኢንዶኔዥያ ነፃነቷን እስካወጀችበት እስከ 1945 ድረስ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቢያልፍም፣ ሆላንድኛ በዚያ አገር የሕዝብ መነጋገሪያ ሳይሆን ቀርቷል። እርግጥ ነው፣ አገዛዙ በሁሉም ደሴቶች እኩል ዕድሜ አልነበረውም፤ በሰሜን ሱማትራ የምትገኘው አቼ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ በጦርነት ስትከላከል ኖራለች። ያም ሆኖ ገዥዎቹ ቀድመው በሰፈሩባቸው በጃቫና በሞሉካ ደሴቶችም ቢሆን የሰፊው ሕዝብ መገናኛ የሆነው ማላይኛ ነው፤ ይህም ቋንቋ ኢንዶኔዥያኛ የሚል አዲስ ስም ይዞ ዛሬ ከ270 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ብሔራዊ ቋንቋ ሆኗል። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር አይገናኙም። በአማርኛ ደችኛም የሚባለው ሆላንድኛ ከህንድ ኤውሮፓ ቋንቋዎች የጀርማናውያን ቅርንጫፍ ሲሆን እንግሊዝኛና ጀርመንኛ የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። ማላይኛ ደግሞ አውስትሮኔዥያዊ ከሚባለው፣ በምዕራብ ከማዳጋስካር በምሥራቅ እስከ ፋሲካ ደሴት በተዘረጋው ታላቅ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን ማየት የሚያስፈልገው በዝምድናቸው ሳይሆን በዕጣ ፈንታቸው ምክንያት ነው፤ ሁለቱም በባሕር ዳርቻና በወንዝ አፍ ያደጉ የነጋዴ ቋንቋዎች ናቸው፣ ሁለቱም መደበኛ መልካቸውን ያገኙት ከትውልድ ቀያቸው ርቀው በተሰበሰቡ ሰዎች አፍና ብዕር ነው፣ ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን በኋላም የአንደኛው ጸሐፊዎች የሌላኛው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሆነው ተገኝተዋል።

በጽሑፍ መታወቅን በተመለከተ ማላይኛ ባለ ጠጋ ነው። በደቡብ ሱማትራ በፓለምባንግ ከተማ አጠገብ ከዱካን ቡኪት በተባለ ስፍራ በ1920 የተገኘው ድንጋይ የተቀረጸው በ680ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ የስሪቪጃያ መንግሥት ገዥ በጀልባ ተነሥቶ ሃያ ሺህ ሠራዊት አስከትሎ ስላደረገው ጉዞ ይናገራል። ከእርሱ ቀጥሎ በባንግካ ደሴት ኮታ ካፑር የተገኘውና 686 የሚል ዘመን ያለው ድንጋይ ደግሞ ለንጉሡ በማይታመኑ ላይ የሚወርድ እርግማን ተጽፎበታል። ፊደሉ ከደቡብ ህንድ የመጣው የፓላቫ ፊደል ነው፤ ቃላቱም በሳንስክሪት፣ ማለትም በጥንቱ የህንድ የትምህርትና የሃይማኖት ቋንቋ፣ የተሞሉ ናቸው። ሆኖም ዐረፍተ ነገሩን የሚያስተሳስረው አጥንት ማላይኛ ነው፤ ዛሬ በር የሚለው ባዕድ መነሻ በዚያን ጊዜ ማር ተብሎ፣ ዛሬ ዲ የሚለው ደግሞ ኒ ተብሎ መቀረጹን የቋንቋ ሊቃውንት በግልጽ ያነቡታል። ስሪቪጃያ በቻይናና በህንድ መካከል የሚያልፉትን መርከቦች የምትቆጣጠር የወደብ መንግሥት ነበረች፤ ይጂንግ የተባለው ቻይናዊ መነኩሴም በ671 ወደ ህንድ ሲሄድ ሳንስክሪት ለመማር እዚያ ቆይቶ ነበር። የቋንቋዋ ጉልበት እስከምን እንደደረሰ የሚያሳየው በ1989 በፊሊፒንስ ሉሶን ደሴት የተገኘው የመዳብ ሰሌዳ ነው፤ 900 የሚል ዘመን ያለው ይህ ሰነድ ለአንድ ቤተሰብ የዕዳ ስረዛ ማረጋገጫ ሲሆን፣ ከሱማትራ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈው በአብዛኛው በጥንታዊ ማላይኛ ነው።

የሆላንድኛ አጀማመር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትሑት ነው። ማላይኛ በንጉሥ ድንጋይ ላይ ሲቆም የሆላንድኛ እናት የሆነው የፍራንኮች ንግግር በላቲን ጽሑፎች ጠርዝና መስመር መካከል እየተሸጎጠ የሚታይ ቋንቋ ነበር። ሳሊካዊ ሕግ በሚባለው የፍራንኮች የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ላቲኑን የሚያብራሩ የተበታተኑ ቃላት አሉ፤ ከስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አረማውያን ሲጠመቁ የሚምሉት ከኡትሬክት ጋር የሚያያዝ የጥምቀት ቃል ኪዳን ተርፏል፤ ከዚያም በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከላቲን መዝሙረ ዳዊት መስመሮች መካከል ቃል በቃል የተጻፈ ትርጉም ይገኛል። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ግን በ1932 በኦክስፎርድ ቤተ መጻሕፍት የተገኘው፣ ወፎች ጎጆ መሥራት ስለመጀመራቸው የሚናገረው አጭር ጽሑፍ ነው። ይህን በ1100 ገደማ የጻፈው በእንግሊዝ አገር በሮቸስተር ገዳም የነበረ መነኩሴ እንደሆነ የሚታመን ሲሆን፣ የጻፈውም አዲስ የተቀረጸ ብዕሩን ለመሞከር ነበር። የአንድ ሕዝብ ሥነ ጽሑፍ በባዕድ አገር በብዕር ሙከራ መጀመሩ ለሆላንድኛ ነውር አይደለም፤ ይልቅስ የቋንቋው ባለቤቶች ለመጻፍ የሚበቃ ብለው ያስቡት የነበረው ላቲንን እንጂ የእናታቸውን አፍ አለመሆኑን ከማንኛውም ማስረጃ የበለጠ ያሳያል።

ስሞቻቸውም ይህንኑ ልዩነት ይመሰክራሉ። ደች የሚለው መጠሪያ የተወለደው ቲውዲስክ ከሚል ጥንታዊ የጀርማናውያን ቃል ሲሆን ትርጉሙ የሕዝብ ወይም የተራው ሰው ማለት ነው፤ ካህናት ከሚያውቁት ላቲን የተለየውን የመንደር ንግግር ለማመልከት የወጣ ስም ነው። ማላይ ወይም መላዩ ደግሞ በመነሻው የሕዝብ ሳይሆን የመንግሥት ስም ነው፤ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን የቻይና መዛግብት በሱማትራ በጃምቢ አካባቢ የነበረን ግዛት በዚህ ስም ይጠሩታል።

በመካከለኛው ዘመን ሁለቱንም ቋንቋዎች ያሳደጋቸው ገበያ ነው። ሆላንድኛን ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የተሸከመችው ሆላንድ አልነበረችም፤ በሱፍ ጨርቅ የከበሩት የፍላንደርስ ከተሞች ብሩጅና ጌንት፣ ኋላም የብራባንት አንትወርፕ ነበሩ። ያዕቆብ ፋን ማርላንት ታሪክንና የተፈጥሮ እውቀትን ለከተሜው በራሱ ቋንቋ በግጥም ያቀረበው በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን በፍላንደርስ ነው። ማላይኛም በበኩሉ በ1400 ገደማ በተመሠረተችው በማላካ ወደብ ዳግመኛ ነገሠ፤ ከጉጀራት፣ ከዓረብ፣ ከጃቫና ከቻይና የሚመጡ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው የሚግባቡት በእርሱ ነበር። ከእስልምና ጋርም አዲስ ፊደል መጣ። ጃዊ የተባለው ይህ ጽሕፈት የዐረብኛን ፊደል ወስዶ በዐረብኛ ለሌሉት እንደ ች፣ ፕ፣ ግ እና ኝ ላሉ ድምፆች በነጥብ የተለዩ ምልክቶችን ይጨምራል፤ በምሥራቅ ማላያ በተሬንጋኑ የተገኘው የሕግ ድንጋይ፣ ዘመኑ በአሥራ አራተኛው ክፍለ ዘመን የሚገመተው፣ የዚህ ጽሕፈት ጥንታዊ ምስክር ነው። ጃዊ እንደ ግእዝ ፊደል አናባቢውን በፊደሉ ቅርጽ ላይ ለይቶ አያሳይም፤ በዚህ የተነሣ የተለያየ አነጋገር ያላቸው ሰዎች አንዱን ጽሑፍ እያንዳንዳቸው በራሳቸው አፍ ሊያነቡት ይችሉ ነበር፣ ይህም ለተበታተነ የደሴቶች ዓለም ጉድለት ብቻ ሳይሆን ጥቅምም ነበር። ፖርቱጋሎች በ1511 ማላካን በጦር ሲይዙ ከተማዪቱን እንጂ ቋንቋውን አልያዙም። በሩቅ ሞሉካ የምትገኘው የተርናቴ ሱልጣን በ1521ና በ1522 ለፖርቱጋል ንጉሥ የላካቸው ደብዳቤዎች፣ ዛሬ በሊስቦን የሚገኙትና እስካሁን ከተረፉት የማላይኛ ደብዳቤዎች ሁሉ የሚቀድሙት፣ በጃዊ የተጻፉ ናቸው፤ የተርናቴ ሰው ግን አፉን የፈታው በማላይኛ አልነበረም።

ነሐሴ 1585 ለሆላንድኛ የመዞሪያ ወር ነው። በስፔን ንጉሥ ላይ ያመፀችው አንትወርፕ ከረጅም ከበባ በኋላ እጇን ስትሰጥ፣ ፕሮቴስታንት ነዋሪዎቿ ወይ ወደ ካቶሊክ እንዲመለሱ ወይ ንብረታቸውን ሸጠው እንዲወጡ ጥቂት ዓመታት ተሰጧቸው፤ የከተማዪቱም ሕዝብ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ነጋዴው፣ አታሚው፣ ሸማኔውና የትምህርት ቤት መምህሩ ወደ አምስተርዳም፣ ወደ ላይደንና ወደ ሚደልበርግ ጎረፉ። እነዚህ ስደተኞች ከገንዘባቸው ይልቅ ንግግራቸው ክቡር ነበር፤ የብራባንትና የፍላንደርስ አነጋገር የሠለጠነ ሰው አነጋገር ተደርጎ ይቆጠር ስለነበር፣ የሰሜኑ ሰው በመንገድ የአገሩን ዘዬ እየተናገረ በወረቀት ላይ ግን የደቡቡን ሰው መከተል ጀመረ። ዛሬ መደበኛ ሆላንድኛ የሚባለው ቋንቋ በአንድ መንደር የበቀለ ሳይሆን ስደተኛና ባላገር በጋራ ያዋቀሩት ነው። ከከተማዪቱ ውድቀት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1584፣ በአምስተርዳም ኤግላንቲር የተባለው የባለ ቅኔዎች ማኅበር የመጀመሪያውን የታተመ የሆላንድኛ ሰዋስው አውጥቶ ነበር፤ ከብሩጅ ወደ ላይደን የመጣው የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን ደግሞ በ1586 ስለ ሚዛን ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ለእውቀት ከሆላንድኛ የሚሻል ቋንቋ የለም ብሎ ተከራከረ። ይህ ሰው ክርክሩን በሥራ አሳይቷል፤ ሆላንዶች ሒሳብን ዛሬም የሚጠሩት ጎረቤቶቻቸው ሁሉ እንደሚጠቀሙበት የግሪክ ቃል ሳይሆን፣ እርሱ እርግጠኛውን ነገር የማወቅ ጥበብ በሚል ትርጉም ከፈጠረው ቃል በወጣ ስም ነው። ሥራውን የፈጸመው መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። የዶርድሬክት ሲኖዶስ በ1618 አዲስ ትርጉም እንዲዘጋጅ ሲወስን ተርጓሚዎቹ ከተለያዩ ክፍለ አገሮች፣ ከደቡብ የተሰደዱትም ጭምር፣ እንዲመረጡ ተደረገ፤ በየስብሰባውም የትኛው ቃልና የትኛው የቃል መልክ ለሁሉም እንደሚገባ እየተመካከሩ ሠሩ። በመንግሥት ወጪ በ1637 የታተመው ይህ ትርጉም በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ መንግሥት በአዋጅ ሊያደርገው ያልቻለውን አንድ የጽሑፍ ቋንቋ የማስፋፋት ተግባር አከናወነ።

በዚሁ ዘመን፣ ቋንቋቸውን ገና በመሥራት ላይ የነበሩት ሰዎች ማላይኛን መማር ነበረባቸው። ፍሬድሪክ ደ ሆውትማን የተባለው መርከበኛ በ1599 በአቼ በተነሣ ግጭት ወንድሙ ኮርኔሊስ ተገድሎ እርሱ ታሰረ፤ እስከ 1601 በቆየበት እስራትም ማላይኛን አጠና። በ1603 በአምስተርዳም ያሳተመው መጽሐፍ የማላይኛና የማዳጋስካር ቋንቋ መነጋገሪያና መዝገበ ቃላት ሲሆን በመጨረሻው ላይ እርሱ የለካቸው የደቡብ ሰማይ ከዋክብት ዝርዝር ተጨምሮበታል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለቋንቋ ታሪክ ጸሐፊ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ ከአፍሪቃ ጠረፍ ማዶ ያለችው ደሴት ቋንቋና የሱማትራው ቋንቋ በአንድ ጥራዝ መቀመጣቸው ነው፤ የሁለቱ ዝምድና በኋላ ዘመን በሳይንስ ሲረጋገጥ መጽሐፉ በአጋጣሚ የዚያ እውቀት ቀዳሚ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለተኛው፣ በመጽሐፉ ከሚገኙት ውይይቶች አንዳንዶቹ ኖኤል ደ በርለሞን የተባለ የአንትወርፕ የቋንቋ መምህር ለነጋዴዎች ካዘጋጀው ዝነኛ የመነጋገሪያ መጽሐፍ ላይ የተመሠረቱ መሆናቸው ነው። በአንትወርፕ ገበያ ፈረንሳይኛና ፍላንደርስኛ ለሚገበያዩ ሰዎች የተጻፈው የሰላምታ፣ የእራት ግብዣና የዕዳ አሰባሰብ ወግ በአቼ እስር ቤት በኩል አልፎ ማላይኛ ለበሰ። ገበያ ከገበያ በቋንቋ የሚማረውን ነገር ከዚህ በበለጠ ግልጽ የሚያደርግ ሰነድ ማግኘት ያስቸግራል።

በ1602 የተቋቋመው የሆላንዶች የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በ1619 ባታቪያን፣ የዛሬዋን ጃካርታን፣ ዋና ከተማው አደረገ፤ ማላካንም በ1641 ከፖርቱጋሎች ነጠቀ። በእነዚያ ዓመታት ባታቪያ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ድረስ የታወቀች ስለነበረች የጎንደር ነገሥታት እንኳ አርመናዊውን ነጋዴ ኾጃ ሙራድን በተደጋጋሚ መልክተኛ አድርገው ወደዚያ ልከዋል። ወደ ከተማዪቱ የገባ እንግዳ ግን በየመንገዱ ሆላንድኛ ይሰማ ነበር ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ከቤንጋልና ከደቡብ ህንድ ጠረፍ የመጡ ባሮችና ነፃ የወጡ ክርስቲያኖች ቅይጥ ፖርቱጋልኛ ይናገሩ ነበር፤ ከባሊና ከሌሎች ደሴቶች የመጡት ማላይኛ ይናገሩ ነበር፤ ከሆላንዳዊ አባትና ከእስያዊት እናት የሚወለደው ልጅ ደግሞ በሞግዚቱ እጅ ስለሚያድግ የአባቱን ቋንቋ የሚያውቀው በጥቂቱ ነበር። ኩባንያው ለቅመማ ቅመም ንግድ የመጣ ድርጅት እንጂ ሕዝብ ለማስፈር የመጣ መንግሥት አልነበረም፤ ሴቶችን ከኤውሮፓ ማምጣት ውድ ነበር፣ ትምህርት ቤትም ትርፍ አያስገኝም። ማላይኛ ደግሞ ዝግጁ ሆኖ ቆይቷቸዋል፤ ከየደሴቱ አለቃ ጋር የሚጻጻፉት በእርሱ ነበር፣ ቄሶቻቸውም በሞሉካ በምትገኘው በአምቦን ደሴት የሚሰብኩት በእርሱ ነበር።

በዚህ ላይ ነው በማላይኛ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ የሚሰጠው ክርክር የተነሣው። በባታቪያ ቄስ የነበረው ሜልኪዮር ላይድከር በ1691 መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ማላይኛ እንዲተረጉም ተሾመ። ከፊቱ ሁለት ዓይነት ማላይኛ ነበር፤ አንዱ ከፍተኛ የሚባለው፣ በሱልጣኖች ቤተ መንግሥትና በእስልምና ሊቃውንት መጻሕፍት ውስጥ የሚገኘው፣ በዐረብኛ ቃላት የከበረ ቋንቋ ሲሆን፣ ሌላው ዝቅተኛ የሚባለው የወደብና የገበያ ንግግር ነው። ላይድከር የመጀመሪያውን መረጠ። በአምቦን ያገለግል የነበረው ቄስ ፍራንስዋ ፋለንታይን ግን የምእመናኑ ጆሮ የሚያውቀው የአምቦንን ማላይኛ እንደሆነ በመግለጽ የራሱን ትርጉም አቀረበ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ባለ ሥልጣኖችም ሳይቀበሉት ቀሩ። ላይድከር በ1701 ሥራውን ሳይጨርስ ቢሞትም ባልደረባው ፔትሩስ ፋን ደር ፎርም ፈጸመው፤ ከረጅም እርማት በኋላም ሙሉው መጽሐፍ በ1733 በአምስተርዳም በላቲን ፊደል፣ በ1758 ደግሞ በባታቪያ በዐረብኛ ፊደል ታተመ። ከአራሚዎቹ አንዱ የነበረው ቬርንድሊም በ1736 ሰፊ የማላይኛ ሰዋስው አወጣ።

ሆላንዶቹ እዚህ ያደረጉት በአገራቸው የተሳካላቸውን ሥራ መድገም ነበር፤ አንድ የተከበረ ትርጉም አንድ የተከበረ ቋንቋ ይፈጥራል ብለው አምነዋል። ስሕተታቸው ግን ከባድ ነው። የ1637ቱ ትርጉም አዘጋጆች ለሁሉም የሚገባውን ሲፈልጉ፣ በማላይኛው ሥራ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ንጹሕ የሚመስላቸውን ፈለጉ፤ በውጤቱም የአምቦን ክርስቲያኖች በአክብሮት የሚያዳምጡት ነገር ግን ብዙውን ክፍል የማይረዱት መጽሐፍ ለረጅም ዘመን ሲነበብላቸው ኖረ። ፋለንታይን በብዙ ነገር የሚተች ሰው ቢሆንም በዚህ ጉዳይ ትክክል ነበር። ይሁንና የላይድከር ወገን አንድ ያልታሰበ ውለታ ማድረጉ መካድ የለበትም፤ ማላይኛ የገበያ ቋንቋ ብቻ ተደርጎ እንዳይቆጠር፣ ሰዋስውና ሥነ ጽሑፍ ያለው ቋንቋ መሆኑ በኤውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ እንዲታወቅ አድርጓል።

ኩባንያው በ1799 መጨረሻ ፈርሶ ግዛቱ በመንግሥት እጅ ሲገባ፣ የማላይኛ ዓለም በካርታ ላይ ለሁለት የሚከፈልበት ጊዜ ቀረበ። እንግሊዝና ኔዘርላንድስ በ1824 በለንደን በተፈራረሙት ውል የማላካ የባሕር ወሽመጥ ድንበር ሆኖ ሰሜኑ ለእንግሊዝ፣ ደቡቡ ለሆላንድ ተሰጠ። ለዘመናት አንድ የነበረው የጆሆርና የሪያው የሱልጣኖች ግዛት መካከሉ ተሰነጠቀ። በሆላንድ ወገን በቀረችው በፔንየንጋት ደሴት የኖረው ራጃ አሊ ሐጂ በ1857 የማላይኛን ሰዋስው በማላይኛ ጻፈ፤ ሞዴሉ የዐረብኛ ሰዋስው ነበር። የሪያው ማላይኛ ለሆላንድ ባለ ሥልጣኖች የንጽሕና መለኪያ የሆነው በእንደዚህ ያሉ ሊቃውንት ምክንያት ነው። ቻርለስ ፋን ኦፕኸይሰን ከሁለት የአገሬው መምህራን ጋር ሆኖ በ1901 ያወጣው የላቲን አጻጻፍ ሥርዓትም ይህንኑ አነጋገር መሠረት አድርጎ፣ ድምፆቹን ግን በሆላንድኛ ልማድ ጻፋቸው፤ ኡ የሚለውን ድምፅ እንግሊዞች ኦ እና ኢ በሚሏቸው ሁለት የላቲን ፊደላት (oe)፣ የ የሚለውን ደግሞ ጄ በሚሉት ፊደል (j)። በወሽመጡ ማዶ በእንግሊዝ ግዛት ያሉት ማላያውያን በእንግሊዝኛ ልማድ ስለጻፉ፣ ወንድማማች የሆኑ ሕዝቦች አንዱ የሌላውን ጋዜጣ ሲያነቡ የሚደናገሩበት ዘመን መጣ።

ሆላንድኛ ለምን አልተስፋፋም ለሚለው ጥያቄ መልሱ በዋናነት በዚህ ዘመን ይገኛል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ቅኝ ገዥው መንግሥት በቂ ገንዘብም ሥልጣንም ነበረው፤ ቢፈልግ ኖሮ ቋንቋውን በትምህርት ቤት ሊያስፋፋ ይችል ነበር። አልፈለገም። ሆላንድኛ መናገር የገዥው መደብ መለያ ስለነበር፣ አንድ የጃቫ ባላባት በሆላንድኛ ሲያነጋግረው ብዙ ሹም እንደ ድፍረት ይቆጥረው ነበር፤ ለአገሬው ልጆች ሆላንድኛ የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶችም በስፋት የተከፈቱት ከ1914 በኋላ ብቻ ሲሆን የሚቀበሉትም በአብዛኛው የመኳንንትንና የሹማምንትን ልጆች ነበር። በ1930 በተደረገው ቆጠራ በቅኝ ግዛቱ ከ60 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ሲገኝ፣ ኤውሮፓዊ ተብለው የተመዘገቡት ሩብ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም ነበር። ቋንቋን እንደ አጥር የተጠቀመ ሰው አጥሩ ሲፈርስ ቋንቋውም አብሮ መውደቁ አይቀርም።

በዚያው ጊዜ መንግሥቱ ሕዝቡን ለማነጋገር ማላይኛን ያበለጽግ ነበር። በ1908 የሕዝብ ንባብ ኮሚሽን ተቋቁሞ በ1917 ባላይ ፑስታካ በሚል ስም ማተሚያ ቤት ሆነ፤ ርካሽ መጻሕፍትን በማላይኛ እያተመ በየወረዳው አሠራጨ። ማተሚያ ቤቱ የተቋቋመው የአገሬውን ንባብ ለመቆጣጠር ጭምር ነበር፤ የሱማትራ ወጣቶች ግን የመጀመሪያ ልብ ወለዶቻቸውን ያሳተሙበት ቤት ሆነ። በ28 ጥቅምት 1928 በባታቪያ የተሰበሰቡት የወጣቶች ማኅበራት ቃል ኪዳን ሲገቡ፣ አንድ አገርና አንድ ሕዝብ እንዳላቸው ካወጁ በኋላ ስለ ቋንቋ ሲደርሱ ሌላ ቃል መረጡ፤ አንድ ቋንቋ ብቻ አለን አላሉም፣ የአንድነትን ቋንቋ ኢንዶኔዥያኛን እናከብራለን አሉ። በአነጋገሩ ውስጥ ያለው ጥንቃቄ ታላቅ ነው፤ ጃቫኛ፣ ሱንዳኛና ባሊኛ እንዳሉ ይቀራሉ ማለት ነውና።

ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ጃቫዊ ሆኖ ሳለ ጃቫኛ አለመመረጡ ለብዙ አገሮች ትምህርት የሚሆን ነገር ነው። ጃቫኛ ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ያለው ቢሆንም የአክብሮት ደረጃው እጅግ የጠነከረ ነው፤ አማርኛ አንተና እርስዎ ብሎ ተውላጠ ስሙንና የግሡን መልክ ሲለይ፣ ጃቫኛ ግን ለታላቅና ለታናሽ ቤት፣ ምግብ፣ መሄድ የሚሉትን ተራ ቃላት ሳይቀር ይለውጣል፤ ተናጋሪው አፉን ሲከፍት ማን ከማን እንደሚበልጥ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ማላይኛ ይህ ሸክም አልነበረበትም። ከዚህም በላይ አፍ የፈታበት ሕዝብ ቁጥሩ ጥቂት ስለነበር ማላይኛን መቀበል ለጃቫዊውም ለሱንዳዊውም ለጎረቤት መገዛት ሆኖ አልታየውም። ጃቫውያን መሪዎች የብዙኃንነታቸውን መብት ለመተው መፍቀዳቸው ሊመሰገን የሚገባው ውሳኔ ነው።

ጃፓን በመጋቢት 1942 ደሴቶቹን ስትይዝ ሆላንድኛን ከለከለች፤ ጃፓንኛን ለማስተማር ግን ጊዜ ስላልነበራት ቢሮውም ትምህርት ቤቱም በአንድ ጊዜ ወደ ማላይኛ ዞረ፤ የቃላት ኮሚሽን ተቋቁሞም ለሕግ፣ ለሕክምናና ለሳይንስ ስያሜ ያወጣ ጀመር። በነሐሴ 1945 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በሠላሳ ስድስተኛው አንቀጹ የመንግሥት ቋንቋ ኢንዶኔዥያኛ እንዲሆን ደነገገ።

ከዚህ በኋላ ያለው 1947 ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ሆላንድኛ በንግግር የስምን የአገባብ መልክ፣ ማለትም ስሙ ባለቤት ወይም ተሳቢ ሲሆን የሚያሳየውን የመጨረሻ ድምፅ፣ ከጣለ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ሰዋስው ጸሐፊዎች ግን ላቲንን እየተመለከቱ በወረቀት ላይ አቆዩት፣ በ1863 የወጣው የደ ፍሪስና የተ ዊንከል አጻጻፍም ይህን ሸክም አላነሣም። የኔዘርላንድስ ፓርላማ በየካቲት 1947 ባወጣው ሕግ እነዚህ ማንም የማይናገራቸው መጨረሻዎች ከጽሑፍ ተሰረዙ። ከአንድ ወር በኋላ፣ በመጋቢት 1947፣ የኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ የትምህርት ሚኒስትር ሱዋንዲ የፋን ኦፕኸይሰንን አጻጻፍ ለውጠው ኡ የሚለው ድምፅ በአንድ ፊደል እንዲጻፍ አዘዙ፤ በሐምሌም የሆላንድ ጦር ሪፐብሊኩን ወጋ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱ ጠላቶች እያንዳንዳቸው ቋንቋቸውን ከአሮጌ ሆላንድኛ አጻጻፍ አላቀቁ። ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ግን ስማቸውን ሲፈርሙ የለመዱትን የቀድሞውን አጻጻፍ ጠብቀው ኖረዋል። በ1972 ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ አንድ የጋራ አጻጻፍ ሲቀበሉ፣ የ1824 ውል በፊደል ላይ የጣለው ግድግዳ ተነሣ። ሆላንድኛም በበኩሉ ሌላ ድንበር ሲሻገር ነበር፤ በ1830 በተገነጠለችው ቤልጅግ ፈረንሳይኛ ከላይ ስለተጫነው፣ ሕጎች በሆላንድኛም እኩል እንዲጸድቁ የተደረገው በ1898፣ የጌንት ዩኒቨርሲቲ በሆላንድኛ ማስተማር የጀመረው በ1930 ሲሆን፣ ሁለቱ አገሮች የጋራ የቋንቋ ኅብረት የመሠረቱት በ1980 ነው።

ቃላት ከመንግሥታት ይልቅ በነፃነት ተጉዘዋል። ኢንዶኔዥያዊው ቢሮን ካንቶር፣ ፎጣን ሃንዱክ፣ ፍሬንን ሬም ሲል የሚናገረው ሆላንድኛ ነው፤ ሰንደቅ ዓላማን ቤንዴራ ሲል ደግሞ ፖርቱጋልኛ ነው፣ ቃሉም በጣሊያንኛ በኩል ወደ አማርኛ የገባው የባንዲራ ዘመድ ነው። ሆላንዳዊውም ብልህ ልጅን ፒንተር፣ ሱቅን ቶኮ ይላል። በሐሳብ መብሰልሰልን ፒከረን የሚለው ቃል ከዐረብኛው ፊክር ተነሥቶ በማላይኛው ፒኪር በኩል የደረሰው ነው።

ሆላንድኛ በኢንዶኔዥያ ለረጅም ጊዜ የቆየበት አንድ ክፍል የሕግ ባለሙያዎች መደርደሪያ ነበር። በ1918 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በ1946 በሪፐብሊኩ ሲጸድቅ ጽሑፉ ሆላንድኛ ነበር፤ ዳኞችና ጠበቆች ምሁራን ባዘጋጇቸው የተለያዩ ትርጉሞች ሲጠቀሙ፣ አንድ ቃል ሲያከራክራቸው ወደ ሆላንድኛው ይመለሱ ነበር፤ ልክ የጥንቱ የፍራንኮች ዳኛ የራሱን ቋንቋ ቃላት በላቲን ሕግ መካከል እየሸጎጠ ይሠራ እንደነበረው ሁሉ። በኢንዶኔዥያኛ የተረቀቀው አዲሱ የወንጀል ሕግ በታኅሣሥ 2022 በፓርላማ ጸድቆ በጥር 2023 ተፈረመ፤ ሥራ ላይ እንዲውልም ሦስት ዓመት ተሰጠው።